ባየህ የማያጠፋው ሞተር መጋዝ

ባየህ ሞተር መጋዝ ማስነሣት እንጂ ማጥፋት አይችልም ብዬ አምን ነበር። ሰው የሙያውን ግማሽ ብቻ ማወቁ ያን ያህል አይገርመኝም፤ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂም ወደ ኋላ መሄድ አይሆንለትም ነበርና። ባየህ ገመዱን አንዴ ሳብ፣ ደግሞ ሳብ ያደርጋል፤ ሞተሩ ይጮሃል። ግንዱን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ግን መጋዙን መሬት ላይ ያስቀምጠውና እንደዚያው ይተወዋል። ሞተሩ ዱዱዱዱ እያለ፣ ጭሱን እየተፋ፣ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ባየህ እናቴ ያመጣችለትን ውሃ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። እናቴም ጣሳውን ልትቀበል ትቆማለች። ጣሳ ለመቀበል ያን ያህል መቆም ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ዓመት ሐሙሲት ለምኖርበት ቤት መጋዝ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻጩ ሞተር መጋዝ አውርዶ አሳየኝ። ማጥፊያዋ አውራ ጣት ሥር ያለች ቀይ ቁልፍ ናት፤ ጫን ሲሏት ታጠፋለች፤ ሕፃን ልጅም ይችላታል። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጩ በዋጋው የሳቅሁ መስሎት ፊቱን ቅጭም አደረገ።

ነገሩ የሆነው ወረታ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ የሩዝ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ግቢውን የሞላው ዛፍ ሁሉ አባቴ የተከለው ነበር፤ አጥሩን ተከትሎ ግራቢሊያ፣ በጓሮ ማንጎ፣ በበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ትልቅ ዋንዛ። አባቴ በሕይወት ሳለ ራሱ ይመለምላቸዋል። እሱ ታሞ ከሞተ በኋላ ግን ማንም እጁን አላነሣባቸውም። ግራቢሊያው ወደ መብራት ሽቦው ተጠጋ፤ ማንጎው መስኮታችንን ጋረደ፤ ዋንዛው ክንዱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ የእማማ ካሳነሽን ቆርቆሮ ይቧጥጥ ጀመር። እማማ ካሳነሽ የአባቴ እናት ናቸው፤ ቤታቸውና ቤታችን በአጥር ብቻ ይለያያል፤ አጥሩም እሳቸው የሚሾልኩበት ቀዳዳ ነበረው።

የአባቴ ሙት ዓመት በተደገሰ ዕለት፣ ካህናቱ ተሸኝተው ዘመድ ብቻ ሲቀር፣ የእናቴ ወንድም አንለይ ጉሮሮውን ጠረገ። ለድግሱ ከአንበሳሜ የመጣ ነው።

«እንግዲህ ዓመቱም ሞላ» አለ። «እህቴ ማስተዋል ገና ልጅ ናት። እዚህ ብቻዋን ተቀምጣ ምን ትሆናለች? ሩዙ ሲሰበሰብ መጥቼ ከነልጇ እወስዳታለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ አጎቴ ማረው። ማረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ለማለት አንለይ ንግግሩን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም። የማረው የሽንኩርት መደብ ከጓሯችን ጋር ይዋሰናል። ያኔ ይህን ከምንም ጋር አላያያዝኩትም፤ ማረው ሽንኩርት የሚወድ ሰው እንደሆነ ብቻ ነበር የማውቀው።

እናቴ ቀና ሳትል፣ «እሺ» አለች። «ግን ግቢውን እንዲህ አድርጌ አልተወውም። የባሏን ንብረት ዱር አልብሳ ሄደች ይሉኛል። ዛፎቹ ይመልመሉ፤ ቅጥሩ ይስተካከል። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ትልልቆቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት ተባለ። እማማ ካሳነሽም፣ «እኔንም ያ ዋንዛ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባየህ ይጠራ» አሉ።

እኔ ጥግ ይዤ ነገሩን አወጣሁ አወረድኩ። አንበሳሜ የእናቴ አገር እንጂ የእኔ አይደለም። ትምህርት ቤቴም ጓደኞቼም ወረታ ናቸው፤ አባቴም የተቀበረው ወረታ ነው፤ እሱን ብቻውን ጥለነው የምንሄድ መሰለኝ። ከትልልቆቹ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር። ዛፎቹ እስካልተመለመሉ ድረስ አንሄድም፤ የተመለመሉ ዕለት እንሄዳለን። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነበረኝ፤ እሱም መጋዝ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ነው።

ባየህ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ልጅ የሌለው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። የተወለደው ከጣራ ገዳም ሥር ነው። የገዳሙን ዛፍ መንካት ነውር ከሆነበት አገር ወጥቶ ዛፍ ቆራጭ መሆኑን እማማ ካሳነሽ በሳቅ ያነሡበታል። እሱም፣ «እዚያ አትንካ እየተባልኩ ነው ዛፍ ማየት የተማርኩ» ይላቸዋል።

የመጀመሪያውን ቀን እውነትም ሲያይ ዋለ። ሞተሩን አላስነሣም። አንገቱን ሰቅሎ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ አንዱን ቅርንጫፍ በዓይኑ ከሥር እስከ ጫፍ ይለካል፤ ያልፈዋል፤ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ከኋላው ትከተላለች።

«ሁሉንም በሞተሩ አይጨርሱትም፣ አያ ባየህ?»

«አይ። ሞተሩ ከመሬት ቆሜ ለምደርስበት ወፍራምና ለወደቀው ግንድ ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዛፍ ላይ ደግሞ አንዱ እጄ ዛፉን መያዝ አለበት። ማንጎው ላይ በዚች ነው የምወጣ» አለና ከትከሻው ጎባጣዋን የእጅ መጋዝ አወረደ። ጥርሷ ወደ መያዣዋ የዞረ ነበር። «ስትስቢያት ትቆርጣለች፤ ስትገፊያት አትቆርጥም።»

«በእጅ ከሆነ ይቆያላ።»

«ይቆያል።»

«ይቆይ» አለች እናቴ።

ደስ አለኝ። እናቴም እንደ እኔ መሄድ አልፈለገችም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ እንኳ ግማሽ እውነት አግኝቼ ነበር።

በማግስቱ ሥራው ሲጀመር ባየህ ሙያ እንደሌለው በዓይኔ አረጋገጥኩ። አንድ ቅርንጫፍ ለመጣል ሦስት ቦታ ይነካካዋል። መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ይቆርጥና ይተወዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣል፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል። ደግሞ ይመለስና የቀረችውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚገናኝበት እብጠት ጠርዝ ላይ ያነሣታል። እየሮጥኩ ሄጄ፣ «እማማ፣ ይኸ ሰውዬ ከየት እንደሚቆረጥ እንኳ አያውቅም» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው፤ ቀን ይፈጃል» አሉ እማማ ካሳነሽ። የተከፉ አይመስሉም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐሙሲት ግቢዬ ያለችውን ማንጎ ቅርንጫፍ እኔ ከላይ ብቻ ቆረጥኩ። ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይዞት ወረደ። ማንጎዋ እስካሁን ቁስሏ አልደረቀም።

ሞተሩ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የወደቀውን ለማገዶ ለመከታተፍ። ያኔ ነው እንግዲህ መሬት ላይ ተቀምጦ ብቻውን የሚጮኸው። እኔ በደጃፋችን ካለችው ትንሽ የዘይቶን ዛፍ ላይ ሆኜ ጠላቴን እጠብቃለሁ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። አንዳንዴ ነፋሱ ሲገለበጥ ቁርጥራጭ ወሬ ያመጣልኛል።

«ልጅቱስ?» ይላል ባየህ።

«እሷ… ገና ናት… ትለምዳለች» ትላለች እናቴ።

ቅርንጫፍ እንዳይወድቅብኝ የሚጨነቁ መሰለኝ። ለጠላት ደግ ነው አልኩ በልቤ። ሌላ ቀን ደግሞ እናቴ፣ «ማረው ቢሰማ…» ስትል ሰማሁ። ይኸኛው ግልጽ ነበር። ሞተሩ እንዲህ እየጮኸ ማረው ባይሰማ ነው የሚገርመው። በዚያው ቀን እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ቤት ገባች። «ምን ሆንሽ?» ብላት ሰጋቱራ ገባብኝ አለች። እውነትም ነጠላዋ ላይ ሰጋቱራ ነበር። ባየህን የበለጠ ጠላሁት፤ ሰው እንዴት የሰው እናት ዓይን ውስጥ ሰጋቱራ ይበትናል?

ሞተሩ አንዳንዴ ቤንዚን ሲያልቅበት ዝም ይላል። ወዲያው ከአጥሩ ወዲያ የእማማ ካሳነሽ ድምፅ ይመጣል።

«ምነው ሞተሩ ጠፋ? ሥራ የለም እንዴ?»

ባየህ ይደነግጣል። እየተጣደፈ ቤንዚኑን ይሞላል፤ ገመዱን ይስባል። እማማ ካሳነሽ ሠራተኛ ትንፋሽ እንዲወስድ አለመፍቀዳቸው አሳዘነኝ። እሱ ጠላቴ ቢሆንም ጭካኔ አልወድም።

ዛሬ ሳስበው ሰፈሩ ሁሉ በጆሮው የሚኖር ሰፈር ነበር። ሞተሩ ከጮኸ ባየህ ሥራ ላይ ነው፤ የሚያማው የለም። ዝም ካለ ግን ባሏ ከሞተባት ሴት ግቢ ወንድ ምን ያደርጋል የሚለው ይጀመራል። ከወዲያኛው አጥር አንዷ ትሳላለች፤ ከወዲህኛው አንዷ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት አልፈጀብኝም። እማማ ካሳነሽ የሚጮኹት ለማን ብለው እንደነበር ለመረዳት ግን ፈጀብኝ።

ጥቅምት ሲጋመስ ማንጎዎቹ አለቁ። የዋንዛው ክንድ በገመድ ታስሮ ወረደ። የቀሩት ግራቢሊያዎቹ ብቻ ሆኑ፤ ግራቢሊያ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ባየህ ምሳውን ሊበላ ሲወጣ ጎባጣዋን መጋዝ በአሮጌ ሻሽ ጠቅልዬ ለላሞቻችን ከአምና ከተከመረው የሩዝ ጭድ ውስጥ ሸጎጥኳት።

ባየህ ተመልሶ ፈለጋት። አጣት። እኔ ፊቴን የቅዱስ ሥዕል አስመስዬ ቆሜያለሁ።

«የት ትሄዳለች፤ እዚሁ ግቢ ነው ያለች» አለ። «ነገ መጥቼ እፈልጋታለሁ።»

በማግስቱ መጥቶ ፈለጋት። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን መጣ። ሞተሩን ማገዶው አጠገብ እያስጮኸ ትቶ ይፈልጋታል። መጋዝ ሊገኝባት በማይችል ቦታ ሁሉ ነው የሚፈልጋት፤ ዶሮ ከታቀፈችበት ሥር፣ ከውሃ እንስራው ውስጥ። እናቴም ታግዘዋለች። ሁለቱ ጎንበስ ብለው አንድ ቦታ አብረው ይፈልጋሉ፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። የጠፋ መጋዝ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም፤ ግን ሳቋን ወደድኩት። የሠራሁት ሥራም ኮራሁበት። ግራቢሊያዎቹ ቆመዋል፤ እኛም ወረታ ነን።

ባየህ መጋዟን ያገኛት በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለላሞቹ ጭድ ሲመዝዝ እጁ ላይ መጣችለት። ዝገት እንዳይበላት ዘይት ቀባት፤ በሻሼ መልሶ ጠቀለላት፤ ከነበረችበት መለሳት። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ እየሳቀ መጨረስ አቅቶት።

ኅዳር ገባና ሩዙ መታጨድ ጀመረ። ከተማው ውስጥ የሩዝ መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ያጓራል። የሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማረው በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባ። ሞተሩ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። እናቴና ባየህ ከማገዶው ወዲያ ቆመዋል።

ማረው ወደ ላይ አየ። ዛፎቹን አንድ በአንድ አየ።

«የቀረ ነገር አለ እንዴ?» አለ በጩኸቱ ላይ እየጮኸ። «ግቢው ተላጭቷል እኮ። ማንጎው ላይ ወፍ የምታርፍበት የለም።»

«ግራቢሊያዎቹ ቀርተዋል» አለች እናቴ። «መጋዙ ጠፍቶ ነው።»

«ግራቢሊያውን እኔ እጨርሰዋለሁ። አንለይ ደውሎልኛል፤ ነገ ለሚካኤል ይመጣል፤ መኪናም ይዟል። ዕቃሽን አዘጋጂ።» ከዚያ ወደ ባየህ ዞረ። «ባየህ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይበቃናል።»

ባየህ እናቴን አያት። እናቴ መሬት መሬት አየች። እሱም ጎንበስ አለና በአውራ ጣቱ አንድ ነገር ጫን አደረገ። ሞተሩ ጠፋ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ማጥፋት ይችላል! ያን ሁሉ ጊዜ ይችል ነበር፤ እየቻለ ነው ያላጠፋው። የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ የጎረቤት ዶሮ ተሰማች። ከአጥሩ ወዲያ ግን በዚህ ጊዜ ምነው ጠፋ ያለ የለም። ባየህ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ማረው ሲሄድ መሸነፌ ገባኝ። ወደ ጭዱ ሮጥኩ፤ መጋዟን አወጣሁ፤ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኳት።

«እማ፣ ይኸው መጋዙ። ግራቢሊያው አላለቀም። ይጠራና ይጨርስ።»

እናቴ ሻሹን ፈታችው። ብረቱ አዲስ ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ዘይቱን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በእኔ የተናደደች መሰለኝ።

«ነገ ሚካኤል ነው ልጄ» አለችኝ። «በሚካኤል መጋዝ አይነካም።»

አመሻሹ ላይ እማማ ካሳነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጡ። እናቴ ልብስ በሻንጣ እየከተተች ነበር። ሻንጣውን ከእጇ ቀሟት። እኔን ወደ ጓዳ ሂጂ አሉኝ፤ ሄድኩና ጆሮዬን አቁሜ ቀረሁ።

«ነገ ና ብየዋለሁ» አሉ እማማ ካሳነሽ።

«በሚካኤል?»

«በሚካኤል።»

«ሰው ሁሉ ቤቱ በሚውልበት ቀን?»

«ሰው ሁሉ ቤቱ በሚውልበት ቀን። መጋዝ ሳይዝ ይመጣል። እስከ መቼ ሞተር እያስጮኻችሁ ልትኖሩ ነው? ጆሮዬ እኮ ደነቆረ።»

«ሽማግሌስ? ማን እሺ ብሎ ይቆምለታል? ሁሉም ማረውን ይፈራል።»

«እሱን ለእኔ ተይው» አሉ።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ባየህ ሊዳኝ ነው። አንድ ግቢ ለመመልመል ይህን ሁሉ ጊዜ ፈጅቷል፤ ቤንዚን አባክኗል፤ የአያቴን ጆሮ አደንቁሯል። በበዓል ቀን ሽማግሌ ፊት ያቆሙታል። ሊፈረድበት መሆኑን ሳውቅ ግን የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላለኝም።

ኅዳር ሚካኤል ገና ሳይነጋ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። የእኛ እሳት ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ የተመለመለው ቅጠል ሁሉ ተከምሮ ነደደ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጭሱ አሁንም በከተማው ላይ እንደተኛ ነበር። አንለይ የተከራየው መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ሻንጣችን ደፉ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ማረው፣ አንለይና ለመሰነባበት የመጡ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት።

ባየህ ገባ። ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። ጢሙን ተላጭቷል። እጁ ባዶ ነው።

ሁሉም እንግዳ ነገር እንዳላየ ዓይኑን ወደ ሌላ ሲያዞር ተመለከትኩ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አያ ባየህ፣ መጋዝዎን ረስተዋል» አልኩት።

«አልረሳሁትም፣ ሉሊት» አለ። ግንባሩን አልቦታል። በሩ አጠገብ ቆመ።

ማረው ተነሣ። «ሥራው አልቋል አልተባባልንም?»

ባየህ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እማማ ካሳነሽ ገቡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፤ በትራቸውን ይዘዋል። ሁሉም ብድግ አለ። አንለይ የራሱን ወንበር ወደ እሳቸው ሳበ።

«ይቀመጡ እማማ።»

«አልቀመጥም» አሉ።

ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ መቆም ያቅታቸዋል። ወንበሩ ላይ አመድ ያዩ መሰለኝና በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁላቸው። አሁንም አልተቀመጡም።

«ለጉዳይ ነው የመጣሁ፣ አንለይ። ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

የአንለይ ፊት ተለወጠ። «ከራስዎ ቤት ወደ ራስዎ ቤት ነው እኮ የመጡት፣ እማማ። ማን ልኮዎት ነው?»

«ባየህ።»

«እማ!» አለ ማረው።

«አንተ ዝም በል። ና ከኋላዬ ቁም።»

«እኔ?»

«ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም። ና ቁም።»

ማረው ጎረቤቶቹን አየ። ጎረቤቶቹም እሱን አዩት። በሚካኤል ቀን፣ በሰው ፊት፣ እናቱን እምቢ ሊል ነው? ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ።

አንለይ ሳቁን የያዘ መሰለኝ። «ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው፣ እማማ።»

እማማ ካሳነሽ ዙሪያውን አዩ። ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ሉሊት፣ ነይ።»

ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ። እጄን አጥብቀው ያዙኝ። ፍርዱ በእኛም ላይ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

«እህትህን ለልጄ እንድትሰጠኝ ነው የመጣሁ» አሉ።

አዘንኩላቸው። ልጃቸው አባቴ ነው፤ አባቴ ሞቷል፤ አያቴ ተምታታባቸው አልኩ። ሌላው ልጃቸው ማረው ደግሞ ሚስት አለው። ባየህ በሩ አጠገብ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው፤ አያቴ አእምሯቸውን ሲስቱ በማየቱ ነው ብዬ ይቅር አልኩት።

የአንለይ ዓይን እርጥብ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ትንሿ ሽማግሌስ? አንቺ ምን ፈልገሽ ነው የመጣሽ?»

«አንበሳሜ አንሄድም» አልኩት።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። አንለይ ግን አልሳቀም። ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ «ማስተዋል፣ ሰምተሻል?» አለ።

ከወዲያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነበር።

«እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለምን ታቆማቸዋለህ?»

አንለይ ወንበሩን በሁለት እጁ አነሣው፤ እማማ ካሳነሽ አጠገብ አደረሰው።

«ይቀመጡ እማማ» አለ።

ተቀመጡ። ማረውም ተቀመጠ፤ ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። እኔ የአያቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ሰዎቹ የታረቁ መሰለኝ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ግን ማንም አልነገረኝም። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ዛፎቹ ተመልምለው ሳለ እኛ መቅረታችን ሕጉን ሁሉ አፋለሰብኝ፤ ደስታው ስለበለጠብኝ ግን አልተከራከርኩም። የዚያን ቀን አያቴ ምን እንደሰጡ የማውቅበት ዕድሜ ላይ ስደርስ እሳቸው አልነበሩም። የሰጡት የገዛ ልጃቸውን ቦታ ነው፤ ለሌላ ሰው ለምነው፣ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው።

የዚያን ቀኑን ወንበር ትርጉም ያወቅሁት ለእኔ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ አያለሁ። ሦስት ሰዎች ገቡ፤ ወንበር ቀረበላቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ያኔ ነው እናቴን ራሴ ለምኜ መዳሬ የገባኝ። ሽማግሌዎቹ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ። ባየህ ከፊታቸው ተቀምጧል። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ግን «ይቀመጡ» ለማለት ድምፅ አልወጣው አለ፤ ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ብዙ ጠበቁ።